ዛፍ የተደገፈ ሰው

«ምንድን ነው የምታጠኚው?» አለኝ ጋሽ ተሰማ፣
ታክሲውን እየነዳ በቬጋስ ከተማ።
«ቱሪዝም ነው» አልኩት፤ «መዝናናትም አለበት፤
ቻይንኛም ጎን ለጎን።» ሳቅ አፈነው ድንገት።
«መዝናናት ይጠናል? ፈተና አለው ደግሞ?
የወደቀ ተማሪስ ምን ይሆናል ከርሞ?
ሳይዝናና ይቀራል?»
ሳቅን። ቀዩ መብራት በራ።
እሱ ዕረፍት ወጥቶ አያውቅም፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፤
እኔ ስለ ዕረፍት አምስት ገጽ አለብኝ፣ እስከ እኩለ ሌሊት።

መምህራችን ሊያንግ ዜማውን በእጇ ትስላለች፣
አየሩ ላይ ጣቷን ሽቅብ ቁልቁል ትነዳለች።
ቀጥ ያለው «ማ» እናት፤ የወደቀው ቁጣ፤
ፈረስ ነው፣ ጎንበስ ብሎ መልሶ የሚወጣ።
ከሬኖ፣ ከሄንደርሰን የመጡት ልጆች
«ሁሉም አንድ ነው» ብለው ጆሯቸውን ሲይዙ፣
እኔ ዝም። ይህን መንገድ ከቤት አውቀዋለሁ።
«አባትሽ አለ» ብላ ብትጽፍልኝ እናቴ፣
ላላ ካለ አንድ ነገር ተናግሯል አባቴ፤
ጠበቅ ካለ ግን አለ፣ በጤና፣ ከቤቴ።
ፊደሉ ዝም ብሎ ሁለቱን ይሸከማል፤
የላላ የጠበቀውን ጆሮ ብቻ ይሰማል።
«ገና» ነኝ በትምህርቴ፤ ላልቶ ይነበብልኝ፤
ቢጠብቅማ ኖሮ በዓል በሆነልኝ።

የምለማመድበት ሆቴል፣ ሊፍቱን ብትቆጥሩ፣
ከሠላሳ ዘጠኝ ቀጥሎ ሃምሳ ነው ቁጥሩ።
አርባዎቹ የሉም። «አራት» በእንግዶቹ አፍ
ከ«ሞት» ጋር ጎረቤት ነው፤ ይሻላል መዝለል፣ ማለፍ።
መጽሐፋችን ለዚህ አንድ ምዕራፍ ሰጥቶታል።
ወይዘሮ ብርነሽ፣ አንሶላ እያጠፈች፣
«አሥሩ ፎቅ ጠፋ ብለው አልጋ መች ቀነሱልኝ?» አለች።

ሐሙስ ዕለት ሊያንግ አዲስ ምልክት ሳለች፤
ከግራ ሰው አለ፣ ከቀኝ ዛፍ አለች።
«ዕረፍት» ይባላል፤ ሰው ዛፍ ሲደገፍ።
አለቀ። የሰባ ስምንት ዶላሩ መጽሐፍ
ዙሪያውን ዞሮ ያጣው፣ አንድ ሰው፣ አንድ ዛፍ።

ሐምሌ። አስፋልቱ ይፈላል። ከቼንግዱ የመጡ
ሃያ ሦስት ጎብኚዎች ቢጫ ባንዲራዬን ይከተላሉ።
ፏፏቴው ሲጨፍር ሁሉም ስልኩን አነሳ፤
አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ አቶ ፋን፣ ክንዴን ነካ አደረገኝ።
«ሹ የት አለ?» አለኝ።
«ሹ» መጽሐፍ ነው፤ ተምሬዋለሁ፤ መስከረም፣ ሁለተኛው ሳምንት።
የመጻሕፍት መደብሩን፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከሽቶው ሱቅ አጠገብ፣
በሚያምር ዓረፍተ ነገር አስረዳሁት፣ አንድም ቃል ሳልስት።
ራሱን ነቀነቀ። እንደ ሊያንግ እጁን አነሳና
ከላይ ወደ ታች ጣለው፦ «ሹ!»
የወደቀው «ሹ» ዛፍ ነው።

ከፊት ለፊት ዘንባባዎች አሉ፣ በጭነት መኪና የመጡ፤
ጥላቸው ከእርሳስ አይወፍርም።
በሠራተኞች በር ወሰድኩት፣ ከቆሻሻ ገንዳው ጀርባ፤
አንድ እሾሃም ዛፍ አለ፣ ማንም ያልተከለው።
ወይዘሮ ብርነሽ ጫማዋን አውልቃ፣
ጀርባዋን ግንዱ ላይ ጥላ፣
የአሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍቷ ላይ ናት።
አየችው። ጠጋ አለችለት።
አቶ ፋን ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ
በወዲያኛው በኩል ተደገፈ።
ማንም ምንም አላለ፤ የሚተረጎም ነገር አልነበረም።

«አንቺስ? ነይ ተደገፊ» አለችኝ፣ ዓይኗን ጨፍና።
«ሥራ ላይ ነኝ፤ ገና ነኝ» አልኳት። ላልቶ ነው፣ «ገና»።
ባንዲራዬን ግን
ግንዱ ላይ አስደገፍኳት።